የጋራ ቢሮ በጆሮ ሲመዘን

የጋራ ቢሮ አንድ ድርጅት ሰፊ ወለል በረጅም ውል ተከራይቶ፣ ከፋፍሎና አሟልቶ፣ ለሌሎች በወር፣ በቀን ወይም በሰዓት መልሶ የሚያከራየው የሥራ ቦታ ነው። ተከራዩ ዕቃ አይገዛም፤ ጠረጴዛው፣ ኢንተርኔቱ፣ የስብሰባ ክፍሉ፣ ብዙ ጊዜ ቡናውም ጭምር ኪራዩ ውስጥ አለ። እንግሊዛዊው ማርክ ዲክሰን እ.ኤ.አ. በ1989 ብራስልስ ላይ ሬገስን ሲመሠርት ያቀረበው የሚቆለፍ ክፍልና የጋራ እንግዳ መቀበያ ነበር። በ2005 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ብራድ ኑበርግ የተባለ የሶፍትዌር ባለሙያ ግን ለየብቻቸው የሚሠሩ ሰዎች ነፃነታቸውን ሳያጡ አብረው እንዲውሉ ጥሪ አደረገ። በ2011 ለጀማሪ የቴክኖሎጂ ቡድኖች የተቋቋመው የአዲስ አበባው አይስአዲስም ከዚህ ሐሳብ ጋር ዝምድና አለው። ከኑበርግ ወዲህ የዘርፉ ዲዛይነሮች ልባቸውን የሰጡት ለመገናኘት ነው፤ ረጃጅም የጋራ ጠረጴዛ፣ የመስታወት ግድግዳ፣ መሃል ላይ የቡና ቦታ። እኔ ግን የጋራ ቢሮ ዲዛይን አስቀድሞ ሊመዘን የሚገባው አንዱን ተከራይ ከሌላው ንግግር እንዴት እንደሚጠብቅ በማየት ነው ባይ ነኝ።

ግድግዳ ሲነሳ ሰው ይነጋገራል የሚለው እምነት ተፈትኗል። የሃርቫርዶቹ ኢታን በርንስታይን እና ስቲቨን ተርባን በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ ወደ ክፍት ቢሮ የተዛወሩ የሁለት ትልልቅ ኩባንያዎች ሠራተኞች ማን ከማን ጋር ፊት ለፊት እንደሚነጋገር በሚለብሱት መሣሪያ ተለካ። ንግግሩ በ70 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ የኢሜይል ልውውጡ ጨመረ። በ2013 ደግሞ ጁንግሱ ኪም እና ሪቻርድ ደ ዲር ከ42,000 በላይ የቢሮ ሠራተኞች የሰጡትን መልስ ሲመረምሩ፣ ክፍት ቢሮ ውስጥ ጎልቶ የወጣው ቅሬታ የድምፅ ገመና ማጣት ነበር። በቀላሉ መነጋገር መቻሉም ይህን ጉዳት አላካካሰም።

የሚረብሸው የጩኸቱ መጠን ብቻ አይደለም። የብዙ ሰው ድምፅ ተቀላቅሎ ሲያጉረመርም አእምሮ ይለምደዋል፤ ቃል በቃል የሚሰማ አንድ ንግግር ግን፣ በለሆሳስም ቢሆን፣ የሚያነብና የሚጽፍ ሰውን ሐሳብ ነጥቆ ይሄዳል። በ2012 የወጣው አይኤስኦ 3382-3 የተባለው የክፍት ቢሮ ድምፅ መለኪያ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው፤ ከተናጋሪው ስንት ሜትር ቢርቁ ንግግሩ ግልጽነቱን አጥቶ ረብሻው ይቀንሳል? ርቀቱ ባጠረ ቁጥር ቢሮው ይሻላል። ርቀቱን የሚወስነው ደግሞ ቤቱ የተሠራበት ነገር ነው። ሴራሚክ ወለል፣ ባዶ የኮንክሪት ጣሪያና መስታወት ድምፅን መልሰው ይወረውራሉ፤ ምንጣፍ፣ ድምፅ መጣጭ ኮርኒስ፣ ወፍራም መጋረጃና በጨርቅ የተለበጠ ከፍ ያለ መከለያ ይውጡታል። የአዲስ አበባ አዳዲስ ሕንፃዎች ብዙዎቹ ሴራሚክና መስታወት ስለሆኑ፣ እዚያ የጋራ ቢሮ የሚያዘጋጅ ሰው ከቀለምና ከሶፋ በፊት ለኮርኒሱና ለወለሉ ገንዘብ ቢመድብ ይበጀዋል። የስልክ ጥሪ ለብቻው መፍትሔ ይሻል። በ2010 የተመሠረተው የፊንላንዱ ፍሬመሪ ድምፅ የሚያፍኑ ትንንሽ የስልክ ክፍሎችን እየሠራ ለዓለም ይሸጣል። እንዲህ ያለችው ክፍል የራሷ አየር ማናፈሻ ከሌላት ቶሎ ትታፈናለች፤ ሰውም ኮሪደር ላይ ማውራቱን ይመርጣል።

የጋራ ቢሮ ተከራይ ሰው ፈልጎ ስለሚመጣ እነዚህ ጥናቶች አይመለከቱትም የሚል ይኖራል። ልዩነቱ እውነት ነው። ነገር ግን አጠገብ የተቀመጠው ባልደረባ ሳይሆን እንግዳ፣ ምናልባትም ተፎካካሪ ሲሆን፣ ስለ ዋጋና ስለ ደንበኛ መነጋገር ይበልጥ ያስጨንቃል። የጋራ ቢሮ አከራዩ የዊወርክ አሠራር ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። በ2010 የተመሠረተውና ከመሥራቾቹ አንዱ፣ ሚጌል መኬልቪ፣ ሥነ ሕንፃ የተማረ የሆነው ይህ ኩባንያ ስሙ የገነነው በማኅበረሰብ ቢሆንም፣ ከወለሉ ብዙውን የያዙት በር ያላቸው ትንንሽ የመስታወት ክፍሎች ነበሩ፤ መገናኘቱ ለኮሪደሩና ለቡናው ቦታ ተተወ። በ2023 የኪሳራ ጥበቃ እስከመጠየቅ ያደረሰው ዋናው ሸክም የረጅም ጊዜ የኪራይ ውሎቹ ነበሩ፤ በሮቹን የሚያስወቅስ ነገር የለም።

የገንዘቡ ተቃውሞ ይከብዳል። የስልክ ክፍል በቆመበት ጠረጴዛ አይቆምም፤ ኪራይ በናረበት ከተማ ይህ ለአከራዩ የሚያም ሒሳብ ነው። ሆኖም በረጅም ውል የታሰረ ተከራይ ረብሻን ይታገሣል፤ በወር የሚከፍለው ግን ላፕቶፑን ይዞ ይወጣል፣ የተጨመረውም ጠረጴዛ ባዶውን ይቀራል። ቦታ የሚመርጥ ተከራይም አዳራሹን ባዶ ሳለ ከመጎብኘት ረፋድ ላይ፣ ሰው ሲሞላ ሄዶ ቢቀመጥ ይሻለዋል። የጎረቤቱን ንግግር ቢሰማ አይደንቅም። አራት ጠረጴዛ ተሻግሮ የሚወራውን ቃል በቃል ከተከታተለው ግን፣ ሶፋው የቱንም ያህል ቢያምር ውሉን አይፈርም።