ሸረሪቶች የብርዱን ወራት የሚያሳልፉት የት ነው?

በመስከረምና በጥቅምት ወራት በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች ተደጋግሞ የሚያጋጥም ነገር አለ። ማለዳ ፊቱን ሊታጠብ የገባ ሰው፣ ከመታጠቢያ ገንዳው ለመውጣት እየተፍጨረጨረ በልሙጡ ግድግዳ ላይ መልሶ መላልሶ የሚንሸራተት ባለ ረጃጅም እግር ሸረሪት ያገኛል። ብዙዎች የሚሰጡት ማብራሪያ አንድ ነው፦ ውጪው በረደ፣ ሸረሪቱም ሙቀት ፍለጋ ገባ። ጨካኙ በጫማ ይመታዋል፤ ርኅሩኁ በብርጭቆ ከድኖ፣ ከሥሩ ወረቀት አስገብቶ፣ ወደ ጓሮ ይወስደዋል።

ማብራሪያው ግን የተሳሳተ ነው፤ ርኅራኄውም ብዙ ጊዜ ሸረሪቱን አያድነውም።

በሲያትል ከተማ በበርክ ሙዚየም የሸረሪቶችን ስብስብ በኃላፊነት የያዙት ሮድ ክሮፎርድ ይህን እምነት ለማረም ብዙ ደክመዋል። እንደ እርሳቸው ገለጻ፣ ቤት ውስጥ ከሚታዩት ሸረሪቶች መካከል ውጪውን አይተው የሚያውቁት አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ 5 እንኳ አይሞሉም። የቀሩት ከቁም ሣጥን ጀርባና በምድር ቤት ጥግ ተፈልፍለው እዚያው ያደጉ ናቸው። በዚህ ወቅት ከተሸሸጉበት የሚያወጣቸውም ብርድ ሳይሆን የተጓዳኝ ፍለጋ ነው። ለአቅመ አዳም የደረሰው ወንድ ድሩን ትቶ፣ ሴቲቱን ፍለጋ ሌሊቱን ሲዞር ያድርና ገንዳው ውስጥ ይወድቃል። በቧንቧው ሽቅብ መጥቷል የሚባለውም ከእውነት የራቀ ነው፤ ከገንዳው ሥር ያለው ጎባጣ ቧንቧ ምንጊዜም ውኃ ስለሚቋጥር መንገዱ ዝግ ነው። እንዲህ ያለውን፣ ለቤት ኑሮ የተፈጠረ ሸረሪት አውጥቶ ብርድ ላይ መጣል ወደ ቤቱ መመለስ አይደለም።

ታዲያ በእርግጥም ደጅ የሚኖሩት፣ በቁጥርም እጅግ የሚበልጡት ሸረሪቶች ምን ይሆናሉ? በአገር ቤት ክረምት ማለት ዝናብና ጭቃ ነው፤ መስከረም ሲጠባ ያልፋል። በሰሜኑ አገር ክረምት የሚባለው ግን ውኃ የሚረጋበት ወቅት ነው፤ ለሸረሪት ዋናው አደጋም ይኸው መርጋት ነው። ሸረሪት እንደ ሰው የራሷን ሙቀት አታመነጭም። የሰውነቷ ሙቀት ከአካባቢዋ ጋር አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል። በውስጧ ያለው ፈሳሽ ወደ በረዶ ከተለወጠ ደግሞ ትሞታለች። ስለዚህ ወይ የማይረጋ ቦታ ማግኘት፣ ወይም ፈሳሹ እንዳይረጋ ማድረግ ይኖርባታል።

አብዛኞቹ የመጀመሪያውን መንገድ ይመርጣሉ፤ መጠለያቸውም ሰው በየመኸሩ ጠርጎ የሚጥለው የረገፈ ቅጠል ነው። ቅጠሉ ተደራርቦ በመካከሉ አየር ይይዛል፤ ከሥሩ ያለው አፈር የበጋውን ሙቀት ቀስ በቀስ ይለቃል። በላዩ በረዶ ሲወርድበት ነገሩ የባሰ ይመስላል፤ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። በረዶው እንደ ወፍራም ጋቢ ሆኖ ምድሪቱን ይሸፍናታል፤ የላዩ አየር ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በወረደበት ቀን እንኳ፣ ጥልቅ በረዶ በሸፈነው መሬት ላይ ያለው ቅዝቃዜ ከዜሮ ብዙም አይርቅም። እንዲያውም በዚያ ጨለማ ውስጥ ጥቃቅን ነፍሳትን እያደኑ የሚከርሙ ትንንሽ ሸረሪቶች አሉ። በኖርዌይ ደኖች ለዘብ ባለ ቀን በበረዶው ላይ ሲራመዱ ይታያሉ።

ከዛፍ ቅርፊት ሥር የሚከርሙት ዕድላቸው ከዚህ ይከፋል። ቅርፊት ከነፋስ ይከልላል እንጂ ከቅዝቃዜ እምብዛም አያስጥልም። ከእነዚህ መካከል ዘላይ ሸረሪቶች ከሐራቸው ወፍራም ከረጢት ሠርተው በውስጡ ይኮራመታሉ። ሐሩ ሙቀት አይሰጥም፤ ጥቅሙ ከውርጭና ከእርጥበት መለየት ነው። የቀረውን ሥራ የሚሠራው ሰውነታቸው ነው። ቀኑ እያጠረ ሲሄድ በርካታ የሸረሪት ዓይነቶች በደማቸው ውስጥ ግሊሴሮል የተባለውን ፈሳሽና ፀረ በረዶ ፕሮቲኖችን ያከማቻሉ። የመኪና ባለቤቶች ክረምት ሲቃረብ ለራዲያተር ከሚጨምሩት ፈሳሽ ጋር ሥራው ተመሳሳይ ነው። በዚህም የተነሣ ፈሳሻቸው ከዜሮ በታች ወርዶም ሳይረጋ ይቆያል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የውኃ ሸረሪት ነው። በአውሮፓና በሰሜን እስያ ኩሬዎች የሚኖረው ይህ ሸረሪት ዕድሜውን ሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ከውኃ በታች ያሳልፋል። ከላይ በሰውነቱ ፀጉር ይዞት የሚወርደውን አየር ከሐር በተሠራ ደወል መሰል ጎጆ ውስጥ ያጠራቅማል። ክረምት ሲመጣ ጎጆውን ይዘጋል፤ አንዳንድ ጊዜም ባዶ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ፈልጎ በአየር ከሞላው በኋላ በውስጡ ይከርማል። ኩሬው ከላይ ቢረጋም ከሥር ያለው ውኃ አይረጋም።

መጠለያ የማትፈልግም አለች። በአውሮፓ ጓሮዎች፣ በሲያትል አካባቢም በብዛት የምትታየው የአትክልት ሸረሪት በጀርባዋ ላይ መስቀል የሚመስሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች አሏት፤ ድሯም ጎልቶ የሚታየው በአገር ቤት የመስቀል ወፍና አደይ አበባ በሚታዩበት ሰሞን ነው። ለራሷ ቤት አትሠራም። የቀራትን ጉልበት በመቶ ለሚቆጠሩ እንቁላሎቿ ታውለዋለች፤ በዛፍ ቅርፊት ስንጥቅ ወይም በጣሪያ ክፈፍ ሥር አስቀምጣ፣ በሐር ላይ ሐር ደርባ ታለብሳቸዋለች። ብዙም ሳትቆይ ትሞታለች።

ከረጢቱ ያለ ጠባቂ ክረምቱን ይወጣል። ገለባ ነው ብሎ ጠርጎ ካልጣለው በቀር፣ የቤቱ ባለቤት በግንቦት ገደማ ከክፈፉ ሥር እፍኝ የማይሞላ ቢጫ ነገር ተሰብስቦ ያያል። ሲነካው እንደ ብናኝ በየአቅጣጫው ይበተንና፣ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ጫጩቶቹ አንድ በአንድ ተመልሰው ይሰበሰባሉ።