ክፍት ኮድ፣ ቅርብ ተጠቃሚ፦ የአካባቢ የተጠቃሚዎች ቡድን ስለሚኖረው ፋይዳ



የዛሬው ንግግሬ በአንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል። ኮዱ ለዓለም ሁሉ ክፍት ከሆነ፣ በአንድ ከተማ በአካል የሚገናኝ የተጠቃሚዎች ቡድን ለምን ያስፈልጋል?

«ፀሐይ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። «ፀ»ን ከ«ጸ»፣ «ሐ»ን ከ«ሀ» እና ከ«ኀ» ጋር ብናለዋውጥ ቃሉ በስድስት መንገድ ይጻፋል። የአማርኛ አንባቢ ሁሉንም አንድ አድርጎ ያነባል፤ ለኮምፒዩተር ግን ስድስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ስለዚህ ስሙ በ«ሠ» የተመዘገበ ባለጉዳይ በ«ሰ» ሲፈለግ መዝገቡ «የለም» ሊል ይችላል።

ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትሙ ፊደላችንን ማካተቱ ታላቅ እርምጃ ነበር። ከዚያ በፊት በአንዱ ፎንት የተጻፈ ሰነድ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። ዩኒኮድ ግን ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ሰጠ እንጂ ለአማርኛ ጆሮ የትኛው ከየትኛው እንደሚመሳሰል አልወሰነም። መወሰኑም ቀላል አይደለም። በግእዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ «ሰረቀ» ደግሞ ሌባ የሚሠራው ሥራ ነው፤ በትግርኛም «ሐ» እና «ሀ» በድምፅ ይለያያሉ። ለአማርኛ የሚበጀው ሕግ ለጎረቤቱ ቋንቋ ስሕተት ይሆናል። ይህን ለመፍታት ፕሮግራም ጸሐፊው፣ የግእዝ ሊቁ፣ ትግርኛ ተናጋሪውና የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ አለባቸው። ክፍት ኮድ የሚሰጠው መብት የተስማሙበትን በኮዱ ውስጥ የማስገባት መብት ነው፤ የሚስማሙትን ሰዎች ግን አያመጣም። (ስለ 13ኛዋ ወር፣ ስለ ጳጉሜን፣ ሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ።)

አዲስ አበባ ለዚህ ሐሳብ እንግዳ አይደለችም። የአፍሪካ የነጻና ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ሐሳብ የተጠነሰሰው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2002 እዚሁ ከተማ በተደረገ ዐውደ ጥናት ነው፤ በማግሥቱ ዓመትም ተመሠረተ። የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢም ቂርቆስ ውስጥ፣ ከካዛንቺስ ጥግ ይገኛል። ይሁን እንጂ የአህጉር ጉባኤ የሠፈርን ስብሰባ አይተካም።

ካዛንቺስ ራሷ ስሟን ከጣሊያን የመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤቶች ወስዳ የራሷ አድርጋዋለች፤ የኮምፒዩተር ቃላትም እንዲሁ በአፍ ሲሟሹ ነው የሚለምዱት። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ግን የሠፈሩ ብዙ ክፍል ፈርሶ ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛውሯል። ሰው የሚገናኝበት ርካሽ ቦታ በጠፋ ቁጥር የበጎ ፈቃደኞች ቡድን ይበተናል።

ስለዚህ ለፋኩልቲያችን የማቀርበው ጥያቄ ትንሽ ነው፦ ቅዳሜ ከሰዓት ተቆልፈው ከሚውሉት ላብራቶሪዎች አንዱ፣ ተማሪ ላልሆነውም ጭምር፣ ይከፈት።