ቤት ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ

ሸማኔ ከቤቱ ሳይወጣ፥ እግሩን ከጉድጓዱ አስገብቶ ሲሠራ የሚያየው ሁሉ «ሥራ ፈት ነው» አይለውም፤ የመወርወሪያው ድምፅ ይሰማል፥ ሸማውም ሲረዝም ይታያልና። ዛሬ ግን ድምፁ የማይሰማ፥ መልኩም የማይታይ ሌላ ሥራ ወደ ቤታችን ገብቷል።

ሕግ የተማረች አንዲት ልጅ በወላጆችዋ ቤት ከኮምፒዩተር ፊት ተቀምጣ፥ በሌላ ከተማ ላለ አነስተኛ ኩባንያ ትሠራለች እንበል። የኩባንያው ተግባር ስታርታፕ ለሚባሉት ጀማሪ ድርጅቶች የመመሥረቻ ጽሑፍንና ልዩ ልዩ ውሎችን በኮምፒዩተር አማካይነት ማዘጋጀት ነው። ሁለት ጓደኞች ገንዘብ አዋጥተው ንግድ ቢጀምሩ፥ የእያንዳንዳቸው ድርሻ ስንት እንደ ሆነና አንዱ ቢለይ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ ካልተጻፈ፥ ትርፍ በመጣ ጊዜ ወዳጅነታቸው ወደ ክርክር ይለወጣል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ስለ ፈቀደ፥ እንዲህ ያለው ጽሑፍ ለብቸኛ ነጋዴም የሚያስፈልግ ሆኗል።

እናት ግን ይህን ስለማታይ፥ «ቤት ከዋልሽ አይቀር እንግዶቹን ተቀበዪ፤ ቡናም ቁዪ» ትላለች። ልጅቱም ከእናትዋ ቃል መውጣትን ፈርታ ትነሣለች፤ ተመልሳ በችኮላ ስትጽፍም የአንዱን ባለድርሻ ድርሻ ለሌላው ታደርገዋለች። ስሕተቱ በጊዜው ካልታረመ የሰው ሀብት ይጎዳል፤ የልጅቱም እንጀራ ይቋረጣል። እናት ይህን ያደረገችው በክፋት ሳይሆን ባለማወቅ ነው።

ሕጋችን ግን ይህን ዓይነት ሥራ ያውቀዋል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ በመኖሪያ ቤቱ ሆኖ ለአሠሪው ስለሚሠራው ሥራ የተለየ ድንጋጌ አለው።

ስለዚህ ቤተ ሰብ ይመካከር። የሥራው ሰዓት ይታወቅ፤ በዚያም ሰዓት ልጅቱ ወደ መሥሪያ ቤት እንደ ሄደች ትቈጠር። እርስዋም በበኩልዋ ሰዓቱ ሲፈጸም ኮምፒዩተሩን ዘግታ ወደ ማዕዱ ትቅረብ፤ ሰንበትንና የጸሎትን ጊዜ ለሥራ አሳልፋ አትስጥ። የደንበኞችንም ወረቀት እንግዳ በሚያልፍበት ጠረጴዛ ላይ ገልጣ አትተው፤ የሰው ምሥጢር አደራ ነውና።

ቅዱስ ጳውሎስ በቆሮንቶስ ሳለ ከአቂላና ከጵርስቅላ ቤት ተቀምጦ ከእነርሱ ጋር ድንኳን ይሰፋ እንደ ነበር በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 ተጽፏል። በዚያ ቤት ኑሮና ሥራ በአንድ ጣራ ሥር አብረው ኖረዋል። በእኛም ቤት ተከባብረን ከኖርን ሁለቱ አይጣሉም።