በረግረግ መንገድ የሚሠሩ መኪናዎች የአክስልና የፍላንጅ ጥርስ መበላት

በፎገራ ሜዳ ክረምት ሲገባ የርብና የጉማራ ወንዞች ይሞላሉ፤ የወረታ ዙሪያ ጥቁር አፈርም ጭቃ ይሆናል። ማዳበሪያ ለገበሬው የሚደርሰው በዚሁ ወቅት ነው። መኪና ውሃ መካከል ቢቆም ሥራው ጊዜው ያልፍበታል። ስለዚህ ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ብልሽት እናብራራለን።

1. ብልሽቱ
ኃይልን ከዲፈረንሻል ወደ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ (ሴሚያስ) ጫፉ ጥርስ አለው። ጥርሱ የሚገባው በጎማው እምብርት ላይ በብሎን በታሰረው ፍላንጅ ውስጥ ነው። ቅባት ሲያጣና ውሃ ሲነካው ይዝጋል፤ እየተፋጨም ይሳሳል። በጉዞ የጋለ እምብርት ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው በውስጡ ያለው አየር ስለሚኮማተር በተሰነጠቀ ክዳን በኩል ውሃ ይስባል።

2. ምልክቱ
ማርሽ ከፊት ወደ ኋላ ሲለወጥ የመንኳኳት ድምፅ ይሰማል። ድምፁ ከሌላ ክፍልም ሊመጣ ስለሚችል በዓይን እናረጋግጥ፦
ሀ. መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሞ ሞተሩን ማጥፋትና ጎማዎቹን በድንጋይ መደገፍ፤
ለ. ማርሹን ነጻ አድርጎ የእጅ ፍሬኑን መልቀቅ፤
ሐ. የፍላንጁን ክዳን ማውለቅ፤
መ. ከካምቢዮ ወደ አክስሉ የሚሄደውን ረጅም ዘንግ በእጅ ወዲያና ወዲህ ማዞር።
ፍላንጁ ሳይንቀሳቀስ የሴሚያሱ ጫፍ ብቻ ከተንቀሳቀሰ ጥርሱ ተበልቷል። ቀይ የዝገት ዱቄትም ምልክት ነው።

3. አደጋው
እ.ኤ.አ. እስከ 2016 በተሠሩት የላንድሮቨር ዲፌንደር መኪናዎች የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ጎማዎቹን ሳይሆን ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ ነው። የአንድ የኋላ ጎማ ጥርስ ፈጽሞ ካለቀ ዳገት ላይ የቆመ መኪና የእጅ ፍሬኑ እንደተሳበ ሊንሸራተት ይችላል። እንዲህ ያለው መኪና መንገድ ላይ ቢቆም የመካከለኛው ዲፈረንሻል መቆለፊያ ሲያዝ በፊት ጎማዎቹ ኃይል ቀስ ብሎ እስከ ጋራዥ ሊደርስ ይችላል።

4. መፍትሔው
የሁለቱም ጥርስ ከተበላ ሴሚያሱንና ፍላንጁን በአንድነት መለወጥ ይገባል፤ አዲስ ፍላንጅ በተበላ ሴሚያስ ላይ ቢገጠም ቶሎ ያልቃል። ሁለቱን በብየዳ ማጣበቅ ግን አይገባም፤ ሙቀቱ የብረቱን ጥንካሬ ያበላሻል፣ በኋላም ኩሽኔታውን ለመፈተሽ ፍላንጁን ማውለቅ አይቻልም። ሲገጠም ጥርሱን ግሪስ መቀባት፣ ጓርኒሲዮኑንና የተሰነጠቀውን ክዳን መለወጥ ያስፈልጋል።

ይህ ምርመራ በየዓመቱ በግንቦት፣ ወንዞቹ ሳይሞሉ ይደረግ። ጥልቅ ውሃ ከተሻገሩ በኋላም የአክስሉን ዘይት ማየት ይገባል፤ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታልና ወዲያውኑ ይለወጥ።