ያውቁ ኖሯል? ሊማሊሞና የልጆች ጆሮ

ከደባርቅ ሊማሊሞን ቁልቁል ሲወርዱ ጆሮዎ ድፍን ይልና ምራቅ ሲውጡ ይከፈታል። የሚከፈተው ከአፍንጫ ጀርባ ወደ መካከለኛው ጆሮ የሚሄድ ቀጭን ቱቦ ነው። በሕፃናት ላይ አጭርና ጋደም ያለ ስለሆነ የጉንፋን ጀርም በቀላሉ ይሻገርበታል፤ በወገራና በዳባት ብርድ ጭስ በታፈነበት ቤት ደግሞ ይብሳል።

ጆሮው የታመመ፣ አፍ ያልፈታ ልጅ ያተኩሰዋል፣ ጆሮውን ይጎትታል፣ ጡት ይዞ እያለቀሰ ይለቃል። ከጆሮው መግል መውጣት ከጀመረ ከ14 ቀን በታች ከሆነ ጤና ጣቢያ አብዛኛውን ጊዜ አሞክሳሲሊን ለ5 ቀን ያዝለታል። 14 ቀን ከሞላው ሥር ሰዷል፤ ያኔ ዋናው ሥራ ማድረቅ ነው። ንፁህ ጨርቅ እንደ ጧፍ ጠምዝዘው ያስገባሉ፣ ሲርስ ያወጣሉ፣ ደርቆ እስኪወጣ በሌላ ይተካሉ፤ ይህም ቢያንስ በቀን 3 ጊዜ። ከዚያ የታዘዘው ጠብታ ይከተላል። ዘይትና የጤና አዳም ጭማቂ ግን ይቅር፤ ታምቡሩ ተቀዶ ሊሆን ይችላል።

ከጎረቤት የተረፈ ክኒንም አያዋጣም። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከጆሮ መግል በብዛት ከተገኙት ጀርሞች አንዱ ፕሮቲየስ ነው፤ ለተለመዱ መድኃኒቶች በቀላሉ አይበገርም።

ከጆሮ ጀርባ አብጦ ሲነኩት ካመመው በዚያው ቀን ሆስፒታል ያድርሱት።