አስኮ፦ መንገዱና ወንዙ

(ድምፅ፦ የሚኒባስ ሞተር፤ ረዳቱ «ፒያሳ! ፒያሳ! ሁለት ሰው!» እያለ ይጣራል። ድምፁ ቀስ በቀስ ይርቃል።)

ተራኪ፦

የአዲስ አበባው አስኮ የት ነው ቢባል መላሹ እንደ መጣበት አቅጣጫ ይመልሳል። ከፒያሳ የመጣው «በጳውሎስ አድርገህ፣ ዊንጌትን አልፈህ» ይላል። ከሆለታ የመጣው «ቡራዩን ስትጨርስ» ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ሁለቱም ቦታውን የጠቆሙት ግን በሌላ ቦታ አስደግፈው ነው። በጂኦግራፊ ይህ አንጻራዊ መገኛ ይባላል። ሌላው መልስ በቁጥር የሚሰጥ ነው፦ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ከ4 ደቂቃ ገደማ ኬክሮስ፣ ከግሪንዊች በስተ ምሥራቅ 38 ዲግሪ ከ42 ደቂቃ ገደማ ኬንትሮስ። ይህ ፍጹማዊ መገኛ ነው። የታክሲ ተራው ቢዛወር፣ የሰፈሩ ስም ቢለወጥ፣ ቁጥሩ አይነቃነቅም።

ኬክሮሱ በአስፋልቱ ላይ በዓይን የሚታይበት ቀን አለ። በየዓመቱ በሚያዝያ 5 እና በነሐሴ 24 ገደማ የቀትር ፀሐይ በትክክል ከአስኮ አናት በላይ ትሆናለች። የመብራት ምሰሶው ጥላ እግሩ ሥር ይሰበሰባል፤ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ጥላውን ቢፈልግ ጫማው ሥር ነው የሚያገኘው። የነሐሴውን ቀን ደመና ስለሚሸፍነው ልብ የሚለው ጥቂት ነው። በሁለቱ ቀናት መካከል ባሉት ወራት የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በቀሪው የዓመቱ ክፍል ወደ ሰሜን። ግሪካዊው ሊቅ ኤራቶስቴንስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን የምድርን ዙሪያ ያሰላው፣ በአስዋንና በእስክንድርያ የታየውን የእንዲህ ያለ ጥላ ልዩነት ለክቶ ነበር።

ኬንትሮሱ ደግሞ ሰዓት ውስጥ አለ። ኢትዮጵያ ሰዓቷን የምትቆጥረው በ45ኛው ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ሲሆን መስመሩ የሚያልፈው በሶማሌ ክልል በኩል ነው። ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ይፈጅባታል። አስኮ ከመስመሩ ከ6 ዲግሪ በላይ ወደ ምዕራብ ስለሚርቅ ፀሐይ እዚህ አናት ላይ የምትደርሰው ዘግይታ ነው። በዚያ የሚያዝያ ቀን ጥላው እግር ሥር የሚገባው 6 ሰዓት ሲሞላ ሳይሆን 6 ሰዓት ከ25 ገደማ ነው።

(ሙዚቃ፤ አጭር)

አስኮ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በ1 ለ50,000 መስፈርት የተሠራ የአካባቢው ካርታ ቢዘረጋ፣ በወረቀቱ ላይ 2 ሳንቲ ሜትር የሆነው በመሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር ነው። በካርታው ላይ የሚጠማዘዙት ቡናማ መስመሮች ኮንቱር ይባላሉ፤ እያንዳንዳቸው እኩል ከፍታ ያላቸውን ነጥቦች ያያይዛሉ። ከእንጦጦ ሥር መስመሮቹ ተጠጋግተው ሊነካኩ ይደርሳሉ፤ ዳገቱ እዚያ ነው። ወደ አቃቂ ሲወርዱ እየተራራቁ ይሄዳሉ፤ መሬቱ ሜዳ እየሆነ ነው።

የከፍታው ልዩነት ልብስ ያስለውጣል። ከባሕር ጠለል ወደ ላይ በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ በ0.65 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይቀንሳል። አቃቂ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ፣ በአንድ ከተማ ውስጥ በሁለቱ ሰፈሮች መካከል 2 ዲግሪ ተኩል ያህል ልዩነት ይኖራል። በተለመደው አከፋፈል ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ያለው ወይና ደጋ ነው፤ ከዚያ እስከ 3,300 ሜትር ደጋ፤ ከዚያ በላይ ውርጭ። ስለዚህ ማለዳ ከአስኮ ተነስቶ አቃቂ ሥራ የሚገባ ሠራተኛ በአውቶቡስ ከደጋ ወደ ወይና ደጋ ይወርዳል። ጃኬቱን ክንዱ ላይ ጥሎ የሚታየውም ለዚህ ነው።

ዛሬ ጠዋት አስኮ ላይ ጣለ፣ ከሰዓት አባራ ሲባል የሚነገረው ስለ አየር ሁኔታ ነው። የአየር ንብረት ግን የብዙ ዓመታት ሁኔታ አማካይ ነው፤ በተለምዶ 30 ዓመት ይወሰዳል። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በዚያ ወቅት በምድር ወገብ አካባቢ ያለው የዝቅተኛ ግፊት ቀጠና ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ይሸጋገርና ከአትላንቲክና ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል እርጥበት ያዘለ ነፋስ ይስባል። ነፋሱ ከደጋው ጋር ሲላተም ሽቅብ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይዘንባል።

የዝናብ መጥፋት ድርቅ ነው፤ ረሃብ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ጂኦግራፊ ያስተማሩት፣ በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ያረፉት ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በኢትዮጵያ ገጠር ስለ ረሃብ ተጋላጭነት ያጠኑት ሥራ የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። ረሃብን ከሰማይ ብቻ የመጣ ነገር አድርገው አላዩትም፤ ገበሬው የተሸከመውን ሥርዓትም መረመሩ። የተፈጥሮ ጂኦግራፊና የሰው ጂኦግራፊ የሚገናኙት እንዲህ ባለው ጥያቄ ላይ ነው። አስኮ ላይ የሚገናኙት ደግሞ በአንድ ወንዝና በአንድ መንገድ ነው።

(ድምፅ፦ የወንዝ ውሃ፤ ከበስተጀርባ የከባድ መኪና ጥሩምባ)

በመጀመሪያ ወንዙ። ከአስኮ በላይ፣ ከቡራዩ ማዶ የጌፈርሳ ግድብ አለ። ለአዲስ አበባ ውሃ ከሚያቀርቡት ነባር ግድቦች አንዱ ሲሆን ማጣሪያው በቀን 30,000 ሜትር ኩብ ያህል ያመርታል። ግድቡ የተሠራው በትንሹ አቃቂ ወንዝ ላይ ነው። ወንዙ በምዕራብ አዲስ አበባ በኩል ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ ከላይ የሚጠጣው ውሃ ከታች የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ይቀላቀልበታል፤ ከዚያም በታች ጎመንና ሰላጣ ይለማበታል። በአባ ሳሙኤል ሐይቅ በኩል አልፎ አዋሽ ይገባል።

አንድ ወንዝና ገባሮቹ ውሃ የሚሰበስቡበት መሬት በሙሉ ተፋሰስ ይባላል። አስኮ በአዋሽ ተፋሰስ ውስጥ ነው። አዋሽ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ከአስኮ በላይ ያለው የእንጦጦ ሰንሰለት ደግሞ ተፋሰስ ከፋይ ነው። በደቡብ ገጹ ላይ የወደቀ ጠብታ ወደ አፋር በረሃ ያመራል፤ በሱሉልታ በኩል የወደቀው በሙገር አድርጎ ዓባይ ይገባል፣ መጨረሻውም ሜዲትራኒያን ነው። ከአስኮ መናኸሪያ ተነስቶ አምቦ የሚሄድ መንገደኛም የሁለቱን ተፋሰሶች ወሰን ይሻገራል። የአዋሽ መነሻ የጊንጪ አካባቢ ነው፤ የአምቦ ወንዞች ግን በጉደር በኩል የዓባይ ናቸው።

(ሙዚቃ፤ አጭር)

አሁን መንገዱ። ከተማ ለምን እዚህ ተቆረቆረ የሚለው ጥያቄ ሁለት መልስ ይሻል፦ የቆመበት መሬት ምን ይመስላል፣ ከሌሎች ቦታዎች ጋርስ በምን ይገናኛል? ምኒልክ መጀመሪያ የሰፈሩት እንጦጦ ላይ ነበር። ተራራው ለመከላከል ይመቻል፤ ብርዱና የውሃ እጥረቱ ግን ከባድ ነበር። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ በፍል ውሃ አካባቢ የቆረቆሯት ከተማ አዲስ አበባ ሆነች። አዲሲቱ ከተማ ግን የማገዶ ችግር ገጠማት፤ ደኑ በፍጥነት ተመነጠረ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ምኒልክ መናገሻቸውን በምዕራቡ መንገድ ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ግንባታ አስጀምረው ነበር። ያ ቢሆን ኖሮ አስኮ ዛሬ የዋና ከተማ ጫፍ ሳይሆን ወደ ዋና ከተማ የሚያመራ መንገድ ዳር ሰፈር በሆነ ነበር። ከተማዋን በቦታዋ ካቆዩዋት ነገሮች አንዱ ከአውስትራሊያ የመጣው፣ ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው። ሰው አካባቢውን ለወጠ፤ የተለወጠው አካባቢ ደግሞ የሰውን አሰፋፈር ወሰነ።

በጣሊያን ወረራ ዘመን ገበያው ከአራዳ ወደ መርካቶ መዛወሩ የከተማዋን ክብደት ወደ ምዕራብ ሳበ። የምዕራቡ መውጫ እህልና ከብት፣ ቆዳና እንጨት፣ ሰውም የሚገባበት በር ነው። ፋብሪካ ቦታ ሲመርጥ ሰፊ መሬት፣ መንገድ፣ ውሃና ሠራተኛ ይፈልጋል፤ የከተማ ጫፍ እነዚህን በርካሽ ይሰጣል። የጥቁር ዓባይ ጫማ ፋብሪካና የጠርሙስና ብርጭቆ ፋብሪካው የአስኮ መለያ የሆኑት በዚህ ሂሳብ ሲታይ አይገርምም። ፋብሪካ ሠራተኛ ይጠራል፣ ሠራተኛ ቤት ይከራያል፣ ቤት ሱቅና ወፍጮ ይከተለዋል።

ሰውን ከመንደሩ የሚያስነሳው ገፊ ምክንያት ይባላል፦ የመሬት ጥበት፣ የምርት መጓደል፣ የሰላም መታጣት። ወደ ከተማ የሚጠራው ደግሞ ሳቢ ምክንያት ነው፦ ሥራ፣ ትምህርት፣ ሕክምና፣ ቀድሞ የመጣ ዘመድ። መናኸሪያው ላይ ማዳበሪያ ከረጢት ይዞ ከሚወርደው ወጣት ኋላ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም አሉ።

ይህ ፍልሰት በቁጥር ሲገለጥ የሕዝብ ጥግግት ይሆናል፤ የሰውን ብዛት ለመሬቱ ስፋት ማካፈል ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የአዲስ አበባ ሕዝብ 2,739,551 ነበር። ለ527 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲካፈል በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 5,200 ሰው ገደማ ይደርሳል። በዚያው ቆጠራ ወደ 74 ሚሊዮን የነበረው የሀገሪቱ ሕዝብ ለ1.1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ሲካፈል ግን 67 ብቻ ነው። አማካይ ግን ይሸፍናል፤ የፋብሪካ ግቢና የደን ዳገት ከተጠጋጋ የኪራይ ቤት ጋር አንድ ላይ ተደምረዋል።

የማካፈያው ቁጥር ራሱ ወሰኑ በተሰመረበት ይለያያል። ከአስኮ ወደ ቡራዩ ሲሄዱ ቤቱም ሱቁም ሳይቋረጥ ይቀጥላል፤ በዓይን ሲታይ አንድ ከተማ ነው። በየቀኑ ለሥራና ለገበያ በሚመላለሰው ሰው ከተለካም አንድ የተግባር ቀጠና ነው። በአስተዳደር ግን ሁለት ነው፦ ወዲህ አዲስ አበባ፣ ወዲያ የኦሮሚያ ክልል። ቡራዩ በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች የዙሪያ ከተሞች ጋር ተጠቃልላ ሸገር ከተማ ውስጥ ገብታለች። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ሀገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ አልተካሄደም። ለአስኮ ስንት አውቶቡስ፣ ስንት የመማሪያ ክፍል፣ ስንት ሜትር ኩብ ውሃ ይመደብ የሚለው የሚወሰነው ከዚያ ቆጠራ ተነስቶ በተሠራ ግምት ነው፤ ቡራዩ አድሮ ጠዋት አስኮ ታክሲ የሚሰለፈውም በዚያ ግምት ውስጥ የተመዘገበው ከወሰኑ ማዶ ነው።

(ሙዚቃ፤ የፕሮግራሙ መዝጊያ)