የሞተር ብስክሌት ሲዲአይ ማቀጣጠያ፦ አሠራሩ፣ አስተካከሉና የብልሽት ፍለጋው

በቤንዚን የሚሠራ ሞተር ጉልበት የሚያገኘው ፒስተኑ የጨመቀው የአየርና የነዳጅ ድብልቅ በካንዴላው ጫፍ ላይ በሚፈነጥቅ ብልጭታ ሲቀጣጠል ነው። ድብልቁ ነድዶ ግፊቱ እስኪያይል ድረስ ጊዜ ስለሚወስድ፣ እሳቱ ፒስተኑ የመጨረሻው ከፍታ ላይ ከመድረሱ በፊት መሰጠት ያለበት ሲሆን፣ ይህ ቅድሚያ የሚለካው በክራንክሻፍቱ የዙር ዲግሪ ነው፤ የሞተሩ ፍጥነት ሲጨምርም ቅድሚያው አብሮ መጨመር አለበት። በደቂቃ 6,000 ጊዜ የሚሽከረከር ሞተር አንድ ዙር የሚጨርሰው በሰከንድ አንድ መቶኛ በመሆኑ፣ ለአንድ ዲግሪ የሚደርሰው ጊዜ 28 ማይክሮ ሰከንድ፣ ማለትም 28 የሰከንድ ሚሊዮንኛ ገደማ ብቻ ነው።

ይህን ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ሲያከናውን የኖረው፣ እየተገጠመና እየተላቀቀ የኤሌክትሪክ መስመሩን የሚከፍትና የሚዘጋ ኮንታክት የተባለ የብረት ንክኪ ነበር። ንክኪው በየብልጭታው ስለሚቃጠልና ስለሚያልቅ ክፍተቱ በየጊዜው መለካት ነበረበት። ችግሩ የከፋው ግን ዘይትና ቤንዚን አብረው በሚነዱባቸው ባለሁለት ምት ሞተሮች ላይ ነው፤ ጥላሸት የያዘ ካንዴላ ኤሌክትሪኩን በጥላሸቱ በኩል ስለሚያፈስስ፣ ቀስ ብሎ የሚያድገው የኮንታክቱ ቮልቴጅ ለብልጭታ የሚበቃ መጠን ላይ ሳይደርስ ይባክናል። የጃፓኑ ካዋሳኪ እ.ኤ.አ. በ1969 ለገበያ ባቀረበው ኤች1 በተባለው ባለሦስት ሲሊንደር፣ ባለሁለት ምት 500 ሲሲ ሞተር ብስክሌት ላይ ሲዲአይ የተባለውን የኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ መግጠሙ ከዚህ ችግር ጋር የተያያዘ ነው።

የሲዲአይ መሠረተ ሐሳብ ኤሌክትሪክን ካፓሲተር በተባለ ማከማቻ ውስጥ አጠራቅሞ በአንድ ጊዜ መልቀቅ ነው። ያለባትሪ በሚሠራው ዓይነት፣ ከክራንክሻፍቱ ጫፍ ጋር የታሰረውና ማግኔት የያዘው ቮላኖ ሲዞር፣ በውስጡ በተቀመጠው ቀጭን ጥቅል ሽቦ ላይ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ይህ ጥቅል መጋቢ ጥቅል ሊባል ይችላል። በሲዲአይ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ዳዮድ ኤሌክትሪኩን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እያሳለፈ ካፓሲተሩን ከ200 እስከ 400 ቮልት ድረስ ይሞላዋል። በቮላኖው ውጫዊ ገጽ ላይ ያለው ጉብታ አነፍናፊ በተባለ ሌላ ጥቅል ፊት ሲያልፍ አጭር የኤሌክትሪክ ምት ይነሣል፤ ምቱም ታይሪስተር የተባለውን የኤሌክትሮኒክ በር ስለሚከፍተው፣ ተጠራቅሞ የቆየው ኃይል በሙሉ፣ ጋን ሲገለበጥ ውኃው እንደሚደፋ፣ በአንድ ጊዜ ኮይል ወደተባለው የቮልቴጅ ማሳደጊያ ጥቅል ይለቀቃል። ኮይሉ ቮልቴጁን ከ20,000 ቮልት በላይ አሳድጎ ለካንዴላው ያደርሳል። ዕድገቱ በጥቂት ማይክሮ ሰከንዶች ውስጥ ስለሚጠናቀቅ ጥላሸቱ ኤሌክትሪኩን የሚያፈስስበት ጊዜ አያገኝም። በአንጻሩ የብልጭታው ዕድሜ አጭር በመሆኑ ነዳጅ የሳሳበትን ድብልቅ ለማቀጣጠል ይቸገራል፤ ይህ የሥርዓቱ እውነተኛ ድክመት ነው።

በአስተካከል ረገድ ባለሙያው የሚነካው ነገር ጥቂት ነው፤ ጥቂት መሆኑ ግን ቸል እንዲባል አያደርገውም። በአነፍናፊውና በጉብታው መካከል ያለው ክፍተት ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊሜትር የማይበልጥ ሲሆን፣ ትክክለኛው ልክ ከሞዴሉ የጥገና መጽሐፍ መወሰድ አለበት። ቮላኖውን በቦታው የሚያቆመው የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ትንሽ ብረት ነው፤ የቮላኖው ብሎን በሚገባ ሳይጠብቅ ቀርቶ ይህ ብረት ከተቆረጠ፣ ሁሉም ክፍል ጤናማ ሆኖ ሳለ እሳቱ ከቅጽበቱ ይዛነፋል፣ ሞተሩም ሲነሣ የመርገጫውን ፔዳል መልሶ ሊመታ ይችላል።

እሳት በጠፋ ጊዜ በብዙ ጋራዦች መጀመሪያ የሚወነጀለው ሳጥኑ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሳጥኑ በቀላሉ ይነቀላል፣ ውስጡ በደረቅ ሙጫ የታሸገ በመሆኑ በሜትር አስተማማኝ በሆነ መንገድ ሊለካ አይችልም፣ የማይለካ ነገርም ለጥርጣሬ ይመቻል። ትክክለኛው አካሄድ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሳጥኑ የሚጠረጠረው የሚለካው ሁሉ ተለክቶ ንጹሕነቱ ከተረጋገጠ በኋላ መሆን አለበት። ፍለጋው የሚጀምረው ደኅና መሆኑ በታወቀ ካንዴላ ነው፤ ካንዴላው ከቀዳዳው ራቅ ብሎ ከሞተሩ ብረት ጋር በጥብቅ ተነክቶ መሞከር አለበት፤ መስመሩ ክፍት ሆኖ ሞተሩ ሲረገጥ መውጫ ያጣው ከፍተኛ ቮልቴጅ ኮይሉንና ሳጥኑን ሊያበላሽ ስለሚችል ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ፣ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር ለሳሳው አየር ነዳጅ ስለሚያበዛ፣ የካንዴላ መጥቆር ተደጋጋሚ ምክንያት መሆኑም መዘንጋት የለበትም።

ቀጥሎ የማጥፊያው ሽቦ ይነቀላል። ያለባትሪ በሚሠራው ዓይነት ማጥፊያው ሞተሩን የሚያቆመው የሳጥኑን ኤሌክትሪክ ወደ ብስክሌቱ አካል በማፍሰስ ስለሆነ፣ በመሪው አንገት አጠገብ ልባሱ የተላጠ ሽቦ ወይም ውኃ የገባበት ማብሪያ ማጥፊያ ብቻውን እሳቱን ያጠፋል። ሽቦው ሲነቀል እሳት ከተመለሰ ችግሩ ተገኝቷል። ካልተመለሰ የመጋቢው፣ የአነፍናፊውና የኮይሉ የኦም ልክ ይወሰዳል። ከእነዚህ ሁሉ በተለይ መጠርጠር ያለበት በጣም ቀጭን ሽቦ ብዙ ጊዜ የተጠቀለለበት መጋቢው ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ብቻ የሚጠፋ እሳት ብዙውን ጊዜ በሙቀት የሚላቀቅ የጥቅል ሽቦ ምልክት በመሆኑ፣ ጥቅሉ በቀዝቃዛነቱ ተለክቶ ደኅና መምሰሉ ማስረጃ አይሆንም፤ ልኬቱ በትኩሱ መደገም አለበት። የኤሌክትሪክ ምቱን ከፍተኛ ቮልቴጅ መለካት ከኦም የበለጠ ይታመናል፤ የሆንዳ የጥገና መጻሕፍት በበርካታ ሞዴሎች ላይ ለአነፍናፊው ቢያንስ 0.7 ቮልት፣ ለኮይሉ መግቢያ ቢያንስ 100 ቮልት ይጠይቃሉ። ተራ ሜትር እንዲህ ያለ አጭር ምት መያዝ ስለማይችል ከፍታውን የሚይዝ ተጨማሪ መሣሪያ ይገጠምለታል።

እነዚህ ሁሉ ደኅና ሆነው ሳጥኑ ከተቀየረ፣ አዲሱ እሳት መስጠቱ ብቻ አይበቃም። ከምርት ፋብሪካው ውጪ የተሠሩ ሳጥኖች በመሰኪያቸው ቢገጥሙም የቅድሚያ መጠናቸው ሊለይ ይችላልና፣ በእያንዳንዱ ብልጭታ በሚበራ የታይሚንግ መብራት መፈተሽ ይኖርባቸዋል። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር በቮላኖው ላይ ያለው «ኤፍ» የተባለው የእሳት ምልክት ከመጠቆሚያው ጋር መግጠም፣ ፍጥነቱ ሲጨምርም መጠቆሚያው በቅድሚያው መስመሮች መካከል መዋል አለበት፤ መስመሮቹን አልፎ ከተገኘ፣ ሞተሩ ያለችግር ቢነሣም እሳቱ አለጊዜው እየቀደመ ስለሆነ ፒስተኑ በዳገትና በጭነት ጊዜ ለጉዳት ይጋለጣል።